ደንበኛው ስልኩን ሲዘረጋ፦ የፋርማሲ ባለሙያውና የኢንተርኔት የጤና መረጃ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

የዛሬው ንግግር በየቀኑ ባንኮኒ ላይ ስለሚገጥመን ነገር ነው። ደንበኛው የሚዘረጋልን ማዘዣ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ስልክም ይዘረጋል። ስክሪኑ ላይ ከቴሌግራም የተላለፈ ጽሑፍ፣ አክስት ከጅዳ የላከችው የካርቶን ፎቶ፣ የቲክቶክ ቪዲዮ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲ የሰጠው መልስ አለ። «ይሄ መድኃኒት አላችሁ?» ይላል። ያን ጊዜ ፊታችን ላይ የሚነበበው ነገር ነው ርዕሳችን።

በግልጽ እንነጋገር ካልን፣ ለኢንተርኔት የጤና መረጃ ሁለት ሚዛን ነው ያለን። ደንበኛው ሲያመጣው «የኢንተርኔት ወሬ» እንለዋለን። እኛ ወደ ጓዳ ገባ ብለን በስልካችን ስንፈልገው ግን «ማጣቀሻ» ይሆናል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለታችንም የከፈትነው ያንኑ ገጽ ነው፤ ጉግል ከሁሉ በላይ ያወጣውን። መጠርጠራችን ተገቢ ነው፤ ያጠፋነው የምንጠረጥረውን መምረጥ ላይ ነው። ሰውየውን ትተን ጽሑፉን እንጠርጥር። ለየትኛው አገር ተጻፈ? ስለየትኛው ጥንካሬ ነው የሚያወራው? ለማን አካል ነው? መቼ ተጻፈ? እነዚህ ጥያቄዎች ለደንበኛው ስልክም ለራሳችን ስልክም እኩል ይገባሉ።

ደንበኛውን ብንንቅ ምን እናጣለን? ሰውየው ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል፤ ሐሳቡን ግን አይመልስም። ሁለት በር አልፎ ሌላ ፋርማሲ ይገባና በዚህ ጊዜ ምንም ሳያሳይ «አሞክሳሲሊን 500 አንድ ስትሪፕ» ብሎ ይገዛል። ያ ሁለተኛው ባለሙያ መድኃኒቱ ለምን እንደተፈለገ፣ ከምን ጋር እንደሚወሰድ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የተነበበው ነገር ቢያንስ ከእኛ ዘንድ ግልጽ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ «እስኪ አብረን እንየው» ነው መሆን ያለበት። እናት ወይም አባት የሚሆኑ ሰው ከሆኑ «እማማ፣ ስልኩን ልየው?» ብሎ ተቀብሎ ማንበብ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ጓዳ ገብቶ መፈለግም መቅረት ያለበት ልማድ ይመስለኛል። «ደንበኛው አያውቅም ይለኛል» ከሚል ፍርሃት የመጣ ነው። ተደብቆ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ስለሚቸኩል የመጀመሪያውን ገጽ አምኖ ይወጣል። ስክሪኑን ወደ ደንበኛው አዙሮ «መጠኑን ላረጋግጥልዎ ነው» ማለት ክብር አይቀንስም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ፤ ስህተቱ የሚወለደው ዝርዝሩ ውስጥ ነውና።

የፓራሲታሞል ሽሮፕን እንውሰድ። እናት 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አላት። በስልኳ ያገኘችው የአሜሪካ ሰንጠረዥ ለዚህ ክብደት «5 ሚሊ ሊትር» ይላል። ሰንጠረዡ አልተሳሳተም፤ በአሜሪካ የሕፃናት ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 160 ሚሊ ግራም አለው። እኛ መደርደሪያ ላይ ያለው ግን አንዱ 120፣ አንዱ 125፣ ሌላው 250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ነው። እናትየዋ ባለ 250ውን ከገዛች 5 ሚሊ ሊትር ማለት በኪሎ 21 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የአንድ ጊዜ መጠን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በቀን አራት ጊዜ ስትሰጠው 1000 ሚሊ ግራም፣ በኪሎ 83 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህም በቀን ከ75 ማለፍ የለበትም ከሚባለው በላይ ነው። ሁለትና ሦስት ቀን ሲደጋገም፣ ያውም ትኩሳት ይዞት ምግብ ባቆመ ልጅ ላይ፣ ጉበት ላይ የሚያመጣውን አስቡት። ትክክለኛው ስሌት በ15 ከተባዛ 180 ሚሊ ግራም ነው፤ ከባለ 250ው 3.6 ሚሊ ሊትር፣ ከባለ 120ው ደግሞ 7.5 ሚሊ ሊትር። ከኢንተርኔቱ ሚሊ ግራሙን ውሰዱ፤ ሚሊ ሊትሩን ጠርሙሱን አይታችሁ ራሳችሁ አስሉ። የቤት ማንኪያ አንዱ ከሌላው ስለማይገጥም የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አብራችሁ ስጡ፤ የሚሞላበትን መስመር በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት።

ሰዓትና ዘመንም እንዲሁ ያሳስታሉ። እንግሊዝኛው ገጽ «ጠዋት በ8 እና ማታ በ8» ብሎ ሲጽፍ በእኛ ሰዓት ጠዋት 2 እና ማታ 2 ማለት ነው። በራስ ሰር የተተረጎመው አማርኛ ግን ቁጥሩን እንዳለ ይተወዋል። «በየ 8 ሰዓቱ» የሚለውን «8 ሰዓት ላይ» ብሎ የሚረዳም አለ፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደው አንቲባዮቲክ በቀን አንድ ይሆናል። የማብቂያ ቀንም ያው ነው። ካርቶኑ ላይ 06/2025 ተጽፎ ሲያይ፣ በ2018 ዓ.ም. የሚኖር ሰው ገና ሰባት ዓመት ቀረው ይላል፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፏል። በፎቶ ብቻ አይቶ በቴሌግራም የሚገዛ ሰው ይህን የሚነግረው የለም። በነገራችን ላይ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመለኪያ ነገርም አለ። የእንግሊዝ ገጽ ለስኳር ሕመምተኛ ከምግብ በፊት «ከ4 እስከ 7» ይላል። ሰውየው የቤት መለኪያው 118 ሲያሳየው ይደነግጣል፣ ኢንሱሊኑን ልጨምር ይላል። የእንግሊዙ ቁጥር በሚሊሞል ነው፤ የእኛ መለኪያዎች በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር። በ18 ብታባዙት 4 ማለት 72፣ 7 ማለት 126 ነው። 118 ጥሩ ቁጥር ነበር። ይህን ስሌት ባንኮኒው ጀርባ ለጥፉት።

ሜቶትሬክሴትን ሳልጠቅስ ባልፍ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ስለ ካንሰር ሕክምና የሚያወራ ገጽ ያነበበ፣ ወይም «ኪኒን በየቀኑ ነው» የሚል ልማድ ያለው ሰው በየቀኑ ከዋጠው አፉ ይቆስላል፣ መቅኔው ደም ማምረት ያቆማል፣ ሊሞትም ይችላል። ከረጢቱ ላይ «በሳምንት አንድ ቀን» ብቻ ጽፋችሁ አትተዉት፤ «ረቡዕ ብቻ» ብላችሁ ቀኑን በስሙ ጻፉ።

እስካሁን ያልኩት ስለ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ የተጻፈለት ሰው ሌላ ሲሆንስ? እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙዎቻችን የምናልፈው ነጥብ ነውና።

ኮዴይን ራሱ ሕመም የሚያስታግሰው እምብዛም ነው። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባለው ኤንዛይም ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። ይህ ኤንዛይም ከሰው ሰው ፍጥነቱ ይለያያል። አንዳንዱ ሰው ዘረመሉን በትርፍ ቅጂ ይወርሳል፤ እንዲህ ያለው ሰው ተራውን መጠን ወስዶ ደሙ ውስጥ ያልታሰበ ሞርፊን ይከማችበታል። በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። በ1996 የታተመ ጥናት ደግሞ ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ላይ ትርፍ ቅጂውን አገኘ። ከሦስት ሰው አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም! የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ለሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጥ ገደበ። የአሜሪካው በ2017 ኮዴይንንም ትራማዶልንም ከ12 ዓመት በታች ከለከለ፤ የምታጠባ እናትም እንዳትወስዳቸው አስጠነቀቀ። ትራማዶልም በዚያው ኤንዛይም ነው የሚጠነክረው።

እንግዲህ አንድ የአውሮፓ ገጽ «ይህ ችግር ብርቅ ነው» ቢል ለጻፈላቸው ሰዎች እውነቱን ነው። ለእኛ ደንበኛ ግን ብርቅ አይደለም። ኮዴይን ያለበትን የሳል ሽሮፕ ወይም ትራማዶል ለምታጠባ እናት ስትሰጡ «ገጹ አስተማማኝ ነው» ብላችሁ ብቻ አትረጋጉ። ልጁ ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ መጥባት ካቃተው፣ አተነፋፈሱ ከከበደ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ ንገሯት፤ ይበልጥ የሚሻለው ሐኪሙን ደውሎ ሌላ ማስታገሻ መጠየቅ ነው።

ዕድሜ ያለፈበት ጽሑፍም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በስልካችን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የእንግሊዙ ብሔራዊ ፎርሙላሪ (የመድኃኒት ማጣቀሻ መጽሐፍ) ቅጂ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? መጽሐፉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢትና መስከረም ላይ፣ አዲስ እትም ይወጣለታል። ከ2013 በፊት የወጣ ቅጂ ስለ ኮዴይን የሚላችሁን አሁን ከነገርኳችሁ ጋር አስተያዩት። ራኒቲዲንም አለ፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በሚያዝያ 2020 ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል፣ ምክንያቱም ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ርኩሰት ከጊዜና ከሙቀት ጋር እየጨመረ ስለተገኘበት ነው። ያልታደሱ ገጾች ግን ዛሬም ለጨጓራ ይመክሩታል። በገጹ ግርጌ ያለው የጥራት ማኅተምም አያታልላችሁ። ጄኔቭ የነበረው የሄልዝ ኦን ዘ ኔት ድርጅት ለጤና ገጾች የጥራት ምልክት ይሰጥ ነበር፤ በ2022 መጨረሻ አገልግሎቱን ዘግቷል። ምልክቱን አሁንም ለጥፎ የሚታይ ገጽ ካለ ማንም አይቆጣጠረውም። መታየት ያለበት «መጨረሻ የታደሰው» የሚለው ቀን ነው፤ ቀን የሌለው ገጽ ለመጠን አይታመንም።

ወደ መድኃኒቶች መስተጋብር ልለፍ። እዚህ የምናየው አመለካከት ተቃራኒ ነው፤ ከመጠን ያለፈ እምነት። የመፈተሻውን ገጽ ከፍተን ሁለት ስም እንጽፋለን፣ ቀይ ምልክት ይወጣል፣ «አይሆንም» ብለን እንመልሳለን። ወይም ምልክቱ ስለበዛብን ማየት እንተዋለን። ቀለሙ መጀመሪያ እንጂ መልስ አይደለም። ከሥሩ ያለውን አንቀጽ አንብቡ፤ ምክንያቱና የሚደረገው ነገር እዚያ ነው።

የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪርን የሚወስድ ሰው ጨጓራውን አሞት የአሉሚኒየምና የማግኒዥየም ፈሳሽ ሊገዛ ይመጣል። ማዘዣ ስለማያስፈልገው ማንም አይጠይቀውም። ብረቱ አንጀት ውስጥ ዶሉቴግራቪሩን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። የሚደረገው ግን መከልከል አይደለም፤ ዶሉቴግራቪሩን ከጨጓራው መድኃኒት 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መውሰድ ነው። ነፍሰ ጡር ሆና አይረን የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ከምግብ ጋር አንድ ላይ መውሰድ ትችላለች፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ያው 2ና 6 ሰዓቱ ይሠራል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ሲጨመር ዶሉቴግራቪር በደም ውስጥ ያለውን ሜትፎርሚን 79 ከመቶ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የቀን ሜትፎርሚን ከ1000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከሪፋምፒሲን ጋር የጀመረ ሰው ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የኤችአይቪ መድኃኒቶች መስተጋብር ገጽ ያለ ክፍያ ይሰጣል። አጠቃላዩ መፈተሻ «ሐኪም ያማክሩ» ብሎ ሲያቆም፣ ይህኛው ሰዓቱንና ሚሊ ግራሙን ይነግራችኋል።

ለምታጠባ እናት ላክትሜድ አለ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በነጻ የሚያቀርበው ነው። ዴይሊሜድ የአሜሪካን የመድኃኒት መግለጫ በሙሉ ይዟል፤ ጥንካሬው የአሜሪካ መሆኑን አትርሱ። የምርምር ጽሑፍ ለሚፈልግ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው ሂናሪ አለ፤ የሚከፈተው ግን በተቋም በኩል ስለሆነ የሰፈር ፋርማሲ ባለሙያ በሚያውቀው ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ ያለ ባልደረባውን መጠየቅ ይኖርበታል። ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን የአገራችን መደበኛ የሕክምና መመሪያ ስልካችሁ ውስጥ ወርዶ ይቀመጥ። ኔትወርክ ሲጠፋም ይከፈታል፣ የሚጠቅሰውም እዚህ ያለውን መድኃኒት ነው።

ከውጭ የሚላክ መድኃኒት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከእስራኤል ኦፕታልጊን ይመጣል፤ ሜታሚዞል ነው። የላከው ዘመድ «እዚህ ያለ ማዘዣ ይሸጣል» ይላል፤ ደንበኛው ኢንተርኔት ሲያይ «አሜሪካ በ1977 ከገበያ አስወጣችው» የሚል ያገኛል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነጭ የደም ሕዋስን አልፎ አልፎ በአደገኛ ሁኔታ ስለሚቀንስ አገሮች በአንድ ማስረጃ ላይ የተለያየ ውሳኔ ወስነዋል። ለደንበኛው የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ እየወሰደ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም የአፍ ቁስል ከመጣ ወዲያው አቁሞ ደም ይመርመር። ከዚያው ከእስራኤል የሚመጣው አካሞል፣ ከአሜሪካ ታይለኖል፣ ከሳዑዲ ፌቫዶል ሁሉም ፓራሲታሞል ናቸው። ፓናዶል ናይትና ታይለኖል ፒኤም ደግሞ እንቅልፍ የሚያመጣ ዳይፈንሃይድራሚን ይጨምራሉ፤ ሽማግሌ ሰው ለራስ ምታት ብለው ቀን ላይ ቢውጡት ሊወድቁ ይችላሉ። የንግድ ስሙን ተዉና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ንጥረ ነገር አንብቡ።

በቴሌግራም ስለሚሸጠው ብዙ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከአሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። በሰኔ 2024 ደግሞ ለስኳር ሕመም ስለተሠራውና ሰዎች ለመክሳት ስለሚፈልጉት መርፌ፣ ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ፣ አስጠንቅቋል፤ መርፌው ውስጥ ያልተገለጸ ነገር፣ ለምሳሌ ኢንሱሊን፣ ሊኖር ይችላል። እውነተኛው እንኳ ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በላዳ ተሳፍሮ በፌስታል የመጣ መርፌ ምን እንደነካው ማንም አያውቅም። ለመክሳት የፈለገውን ሰው አትቆጡት፣ መርፌውን ግን አትውጉለት።

ጸጉር ያሳድጋል ስለሚባለው ባዮቲን ግን ራሳችንን መውቀስ አለብን፤ ቪዲዮው ያመጣውን ገዢ ደስ ብሎን እናስተናግዳለን። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮ ግራም ነው፤ የሚሸጠው ኪኒን ብዙ ጊዜ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮ ግራም ይይዛል። ሽንት ሆኖ ይወጣል ብሎ ማለፍ አይቻልም። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ2017 እንዳስጠነቀቀው የላቦራቶሪ ውጤት ያዛባል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የመታውን ሰው ትሮፖኒን፣ ማለትም የልብ ጉዳትን የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ፣ የታይሮይድ ምርመራንም ሊያሳስት ይችላል። የምትሸጡ ከሆነ «ደም ከመስጠትዎ በፊት መውሰድዎን ለላቦራቶሪው ይንገሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር አብራችሁ ሽጡ።

ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሚጠይቁኝ አሉ። ያልገባንን ነገር በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት፣ የምክር ቃል ለማርቀቅ ይጠቅማሉ። ለመጠን አይሁን። አንድን ጥያቄ ሁለቴ ብትጠይቁት የተለያየ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል፤ የሌለ ጥናት ጠቅሶም ይመልሳል፤ ሁለቱንም በእርግጠኛ አነጋገር። በተለይ በአማርኛ ሲመልስ ማይክሮ ግራምና ሚሊ ግራም ተምታተው እንዳሉ ፈትሹ፤ በታይሮይድ መድኃኒት ላይ ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው።

የመጨረሻው ነገር መዝገብ ነው። ተራ ደብተር ይበቃል፦ ቀኑ፣ ደንበኛው ያመጣው ጥያቄ፣ የከፈታችሁት ምንጭና የታደሰበት ቀን፣ የሰጣችሁት መልስ። የደንበኛው ስም አያስፈልግም፤ የማዘዣውን ፎቶም በግል ስልካችሁ አታስቀሩ። የጎንዮሽ ጉዳት ወይም የተጠረጠረ ሐሰተኛ መድኃኒት ሲገጥማችሁ በቢጫው ቅጽ ወይም በ8482 ነጻ መስመር ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አሳውቁ፤ ስትደውሉ የምርት መለያ ቁጥሩንና የአምራቹን ስም ያዙ፣ ካርቶኑንም አትጣሉት። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።